ሁለተኛው ማሽን ያልተነሣበት ሰኞ

እኔ በሌለሁበት ሥራዬን የሠሩልኝ አንድ ሰው አሉ። ሥራዬን ብቻ ሳይሆን ጥፋቴንም አርመውልኛል። ያን ጊዜ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በግቢው ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ስለ ሌላውም ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የተወለድኩት ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማትርቀው አማኑኤል ከተማ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እንደተመረቅኩ ደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ቀጠረኝ። ስሙን ልተወው፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሉበትም። ሆስፒታሉ የሕሙማኑን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያዞረው ያን ሰሞን ነው። ለዚሁ ብለው ለጋሾቹ ሁለት ሰርቨሮች ላኩልን። ሰርቨር ማለት በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ መረጃ የሚጠይቁት ዋናው ማሽን ነው። ሁለት የሆኑት አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ ነው። በእኛ ሙያ እንዲህ የተጣመሩ ማሽኖች ክላስተር ይባላሉ። ከአዲስ አበባ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ አምስት ቀን አስተማረኝና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶልኝ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ኃላፊም ሠራተኛም እኔው ሆንኩ።

ጋሽ አንማው ደብረ ወርቅ ተወልደው ያደጉ፣ በልጅነታቸው በድቁና ያገለገሉ፣ በኋላ ወደ ከተማ ወጥተው ዕድሜያቸውን ካርድ ክፍል ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። ቁጥሩ የጠፋበት በሽተኛ ሲመጣ የአባቱን ስምና የመጣበትን ቀበሌ ይጠይቁና ትንሽ ዐይናቸውን ጨፍነው ከመደርደሪያው ካርዱን ስበው ያወጡ ነበር። ሥራቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ካርዶቹ ተጠቃለው ከሕንፃው ምድር ቤት ሲገቡ እሳቸውም ከሥራ የተገለሉ ያህል ሆኑ። ቂም ግን አልያዙብኝም። እንዲያውም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰርቨሩ ክፍል እየመጡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ይቆሙና አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማሽኖቹ እያመለከቱ፣ “እስቲ ሰብልዬ፣ ይህ ሁለተኛው ምን ይሠራል?” አሉኝ።

“ይጠብቃል።”

“ሙሉውን ቀን?”

“ዓመቱን ሙሉ” አልኳቸው።

ነገሩ በጣም ገረማቸው። ተቀምጠው እንድነግራቸው ለመኑኝ፤ እኔም ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብዬ በጥድፊያ ነገርኳቸው። ሁለቱ ማሽኖች በኬብል ተያይዘው በየሰኮንዱ እርስ በርሳቸው አለሁ፣ አለሁ ይባባላሉ። የአንደኛው ድምፅ ሲጠፋ ሁለተኛው ሥራውን ያነሣል። የሚያነሣው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የአገልግሎት ቡድን የሚባል ጥቅል ነው። መጀመሪያ መረጃው የተቀመጠበት ዲስክ፣ ቀጥሎ መረጃውን የሚያደራጀው ዳታቤዝ፣ ቀጥሎ የየክፍሉ ኮምፒውተሮች የሚጠሩት አድራሻ፣ በመጨረሻ ነርሶቹ የሚያዩት ፕሮግራም። አራቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም አይዛነፍም። ዲስኩ ሳይመጣ ዳታቤዙ ቢነሣ የሚያነበው የለውም።

“ዲስኩ ስንት ነው?” አሉኝ።

አንድ መሆኑን፣ ለሁለቱም የጋራ መሆኑን ነገርኳቸው። አንደኛው ይዞት ሳለ ሁለተኛው ደርቦ ቢይዘው ሁለቱም የየራሳቸውን እየጻፉበት የሕሙማኑ መዝገብ ሁሉ ይበላሻል፤ ያ ከሆነ መመለሻ የለውም። ይህን የሚከላከል መሣሪያ እንዳለ፣ እኛ ጋ ግን እንዳልተገጠመ ጨምሬ ነገርኳቸው።

“ታዲያ ማነው የሚጠብቀው?”

“እኔ አለሁ።”

“አንቺ የሌለሽ ቀንስ? ለኔም ብታሳዪኝ ምን ይመስልሻል?”

“ጋሽ አንማው፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ አይደለም” አልኳቸው።

“ልክ ነሽ” አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰው መጡ። ሌላ ጥያቄ ይዘው።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። የእኅቴ ልጅ ክርስትና እሑድ ስለነበረ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ አማኑኤል ልሄድ ተሰናድቻለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኘውን አንድ ያረጀ ኬብል መቀየር ነበረብኝ። ኬብሉ ሲነቀል ማሽኖቹ ተሳስተው ሥራውን እንዳያዛውሩት ቡድኑን ማገድ የሚባል ነገር አለ። ያገዳችሁት ቡድን ባለበት ይቆያል፤ ምንም ቢመጣ ወደ ሌላው ማሽን አይሄድም። ሥራውን ስትጨርሱ እገዳውን ታነሣላችሁ። እኔ ቡድኑን አገድኩ፣ ኬብሉን ቀየርኩ፣ ስልኬ ጮኸ። የሚኒባሱ ረዳት ነበር፤ ሰው ሞልቶ ሊወጡ ነው። ቦርሳዬን አንሥቼ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ቅዳሜም እሑድም አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ አላለኝም።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከአማኑኤል በሚኒባስ ተነሣሁ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ጋብ ቢልም ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ደብረ ማርቆስ ለመግባት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን ሹፌሩ አቆመ። ከፊታችን ጤፍ የጫነ ተሳቢ መኪና ተንሸራቶ አስፋልቱን አግድም ዘግቶታል። ግራና ቀኙ በውኃ የረሰረሰ ማሳ ስለሆነ ዞሮ ማለፍ አይቻልም። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። እኔ ከውስጥ ቀረሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር አስካለ ናት። ረጋ ባለ ድምፅ ነው የነገረችኝ። በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ከጠዋቱ ጀምሮ መዝገብ አይከፍቱም። እናኑ የምትባል የአምበር አካባቢ ሴት ምጥ ጠንቶባት መጥታለች፤ ልጁ በአጣዳፊ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። አምና በዚሁ ሆስፒታል ሌላ ቀዶ ጥገና ስታደርግ ከተሰጧት መድኃኒቶች አንዱ ትንፋሿን አቁሞት ነበር። ባሏ ልትሞትበት እንደነበር ያስታውሳል እንጂ መድኃኒቱን አያውቀውም። የተጻፈው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው።

“ዶክተሩ ግማሽ ሰዓት ልጠብቅ እችላለሁ ብሏል። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን ሳያይ ይገባል” አለችኝ።

አንደኛው ማሽን ቢወድቅ እንኳን ሁለተኛው መነሣት ነበረበት። ለምን እንዳልተነሣ ሊገባኝ አልቻለም። ሰርቨሩ ክፍል የሚገባ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት።

“ጋሽ አንማው እዚህ አጠገቤ ናቸው። ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብለው መጥተዋል” አለችና ስልኩን ሰጥታቸው ወደ በሽተኛዋ ተመለሰች።

እውነቱን ልናገር፤ የዚያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። ሌላ ሰው ይጠሩልኝ ልል አሰብኩ። ግን እኮ ሌላ ሰው አልነበረም። ከእኔ በቀር ያንን ክፍል ደጋግመው ያዩት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው።

“የእናኑን የወረቀት ካርድ ከምድር ቤት አውጥቼ አይቼዋለሁ፤ ከአምናው ቀዶ ጥገና በፊት ነው የሚያቆመው” አሉኝ። ካርዱን ለመፈለግ ማንም አላዘዛቸውም። “አሁን ማሽኖቹ ፊት ቆሜያለሁ። ምን ልይልሽ?”

በአንደኛው ላይ ያለውን መብራት እንዲያዩልኝ ጠየቅኳቸው። መብራቱ በርቷል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ጽሑፉ ቆሟል፤ የፈለጉትን ቢነኩ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው ደህና ነው። ከዚያ ወደ እኔ ጠረጴዛ ሄደው ኮምፒውተሬ ላይ ክላስተሩን የምቆጣጠርበትን መስኮት እንዲከፍቱ አደረግኩ። ላቲኑን ፊደል ከካርድ ሥራቸው ያውቁታል፤ ማውሱንም አንዴ ከያዙት አልተቸገሩም። ከዚያ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው።

ያ የይለፍ ቃል ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነው። ያወጣሁት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ አንማው አንድ ዓይነት ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ከሄዱ በኋላ ተናድጄ ነው።

“አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ” አልኳቸው። “ኤስ። ኤች። አይ። ኤም። ኤ።”

የሚተይቡበት ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣት።

“ጂ። ኤል። ኢ።”

መተየቡን ጨርሰው ፊደሎቹን አያያዙና፣ “ሽማግሌ” አሉ።

“ጋሽ አንማው…”

“ገብቷል፤ ተከፍቷል” አሉኝ። “ቀጥዪ፣ ልጄ።”

ዐይኔን ጨፈንኩ። ቀጠልኩም። መስኮቱ ላይ ምን እንደሚታያቸው ጠየቅኳቸው። የቡድኑን ስም አነበቡልኝ፤ አጠገቡ አንድ ምልክት እንዳለ፣ ከሥሩም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቆጠሩልኝ። ታግዷል ይላል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ኬብሉ፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ሁለተኛው ማሽን ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ቢመጣ እንዳይነሣ ያሠርኩት እኔ ነኝ።

ለሳቸው አልነገርኳቸውም። እገዳውን የሚያነሣውን ትእዛዝ ከየት እንደሚያገኙት ብቻ ነገርኳቸው። አነሡት። አሁን የቀረው ቡድኑን በሁለተኛው ማሽን ላይ ማስነሣት ነው። ትእዛዙ የት እንዳለ ነገርኳቸው፤ “አገኘሁት” አሉኝ። ያኔ ነው የአንደኛው ማሽን መብራት ትዝ ያለኝ። ማሽኑ ደንዝዞ እንጂ ሞቶ አይደለም። ዲስኩን እንደያዘው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ተነሥቶ ዲስኩን ሲይዝ አንደኛውም ቢነቃ ያ የፈራነው ነገር ይደርሳል።

“ጋሽ አንማው፣ ከመጫንዎ በፊት ግን መጀመሪያ…”

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። የአጠገቤን ሴትዮ ስልክ ተቀብዬ አየሁ፤ እሷም ጋ የለም። ወርጄ የሰውን ሁሉ ስልክ ጠየቅኩ። ክረምት ሲገባ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከጠፋ ሰዓታት ይቆያል።

ከሚኒባሱ ቦርሳዬን አወጣሁና የተጋደመውን ተሳቢ በጭቃው ዞሬ በእግሬ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ጀመርኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን አስቀረው፤ ተመልሼ መዝዤ አወጣሁት። የማስበው ስለ ጫማዬ አልነበረም። በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ ያሉትን ሰዎች ነበር የማስበው። የስኳር በሽተኛው ከነመርፌው መጠን፣ ደም የወሰደችው ከነደሟ ዓይነት፣ ክትባት የጀመሩት ሕፃናት። ያ ሁሉ ተደባልቆ የአንዱ በሌላው ላይ ተጽፎ ታየኝ። አንድ ወር ሙሉ የማይታወቅ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሰው የሚገድል ስሕተት። ደግሞ እናኑ አለች። ጋሽ አንማው ካልተጫኑት ዶክተሩ ሳያይ ይገባል፤ ከተጫኑት ምናልባት ሁሉም ይጠፋል። የቱን እንደምመኝ አላውቅም ነበር። እያለቀስኩ ነው የሄድኩት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ፤ ዝናቡ ዳግም ስለጀመረ ግን ያየኝ ሰው አልነበረም።

ከተሳቢው ወዲያ መንገዱ ተዘግቶበት የሚመለስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አሳዝኜው ከፊት ወንበር አስገባኝ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ታሞብኝ ነው አልኩት። ማን እንደታመመ አልነገርኩትም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርደኝ እግዜር ይማርልሽ አለኝ።

አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ግቢው ፀጥ ብሏል። ሮጬ ሰርቨሩ ክፍል ስደርስ በሩ ተከፍቷል፤ ጋሽ አንማው በእኔ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያየሁት የአንደኛውን ማሽን መብራት ነው። ጠፍቷል። ዐይኔ ወደ ኋላው ሄደ። ሁለት የኤሌክትሪክ ገመድ አለው፤ ሁለቱም ከሶኬታቸው ተነቅለው በሥርዓት ተጠቅልለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ማሽን ይሠራል። ስክሪኑ ላይ ዲስኩ፣ ዳታቤዙ፣ አድራሻው፣ ፕሮግራሙ፣ አራቱም በተራቸው አረንጓዴ ሆነዋል።

“ማነው ያጥፉት ያለዎት?” አልኳቸው። ሰላምታም አልሰጠሁ።

“ከመጫንዎ በፊት መጀመሪያ ብለሽ ቀረሽ” አሉኝ። “ከዚህ በፊት የሚደረግ ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።”

በኋላ አስካለ እንደነገረችኝ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ነው እንደዚያ የተቀመጡት። ዶክተሩ ራሱ በሩ ላይ መጥቶ ለምን እንደማይጫኑት ጠይቋቸዋል፤ ትንሽ ታገሠኝ ብለውታል። ሁለተኛ መጥቶ ሰዓቱን አሳይቷቸዋል። ቀና ሳይሉ እጃቸውን ብቻ አንሥተው አስቁመውታል።

ምን እንዳሰቡ የነገሩኝ ቆይተው ነው፤ ልብሴን ቀይሬ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ከሕንፃው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን። በድቁና ዘመናቸው ደብረ ወርቅ አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ ገባሬ ሠናዩ ቄስ፣ ማለት ቅዳሴውን የሚመሩት ካህን፣ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ንፍቅ ቄሱ ከጎናቸው አብረው የቆሙ ናቸውና ካቆሙበት ተቀብለው ቀጠሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነው። ነገር ግን በድንጋጤ የታመሙትን ከመቅደስ ያስወጣቸው አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ነፍሳቸውን ሲያውቁ አባ ተነሥተው ከወደቁበት ቦታ ጸሎቱን ጀመሩ። አንዱ መንበር ፊት ሁለት ካህናት ሁለት የተለያየ ቦታ እያሉ ድምፃቸው ተጋጨ። ዲያቆናቱ የማንን እንቀበል ብለው ግራ ተጋቡ።

“ንፍቁ ምንም አላጠፉም፤ የታመሙትም ምንም አላጠፉም” አሉኝ ጋሽ አንማው። “የታመመውን ቀስ ብሎ ይዞ ያስወጣ ሰው ነው የጠፋው። ዲስኩ አንድ ነው ብለሽኝ የለ? የዚያን ቀኑ ትዝ አለኝና ተነሣሁ። አዝራሩን ተጭኜ ብይዘው አልጠፋ አለኝ። ከዚያ ገመዱን ነቀልኩት። አንዱን ስነቅል መብራቱ አልጠፋም፤ ለካ ሁለት ኖሯል።”

“የሁለተኛውን ማሽን ገመድ ቢነቅሉትስ ኖሮ?”

“ከማሽኑ ጀምሬ በእጄ እየዳበስኩ ነው የሄድኩት” አሉ።

የእናኑ መዝገብ የተከፈተው ዶክተሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ነው። መድኃኒቱ ተጽፎ ተገኘ፤ ዶክተሩ ሊሰጣት ካዘጋጀው አንዱ እሱ ነበር። በሌላ ቀየሩት፤ ከወገቧ በታች ብቻ አደነዘዟት። ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። ባሏን ኮሪደሩ ላይ አየሁት፤ ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል፤ የማንንም ስም አያውቅም።

የይለፍ ቃሉን ነገር ማንሣት ነበረብኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ረጅም ነገር ነበር፤ አፌ ላይ ሲመጣ ግን “ጋሽ አንማው፣ ያ ቃል…” ብዬ ቆምኩ።

ሳቁ። “ሽማግሌ መባልስ ክብር ነው። ቁልፍ አድርገሽኝ ሳለ ቁልፉን የከለከልሽኝ ነው የገረመኝ” አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሰበሰበን። የሆስፒታሉም ኃላፊ እሱ ነው። ሁለተኛው ማሽን ለምን በራሱ እንዳልተነሣ ጠየቀኝ። ሌሊቱን መብረቅ ነበር፤ መብረቅ ብል ማንም አይከራከረኝም። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ አዘጋጅቼዋለሁ። ጋሽ አንማው መስኮቱ ላይ የተጻፈውን ያነበቡልኝ ራሳቸው ናቸው፤ እገዳውን ያነሡትም እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ያውቃሉ። ግን ወደ እኔ አላዩም። ባርኔጣቸውን ነበር የሚያዩት። ምንም ብል እንደማያጋልጡኝ ገባኝ። ይሄ ነው አፌን ያስከፈተኝ።

“ዓርብ ቡድኑን አግጄው ሳላነሣ ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩ።

ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። ዶክተሩ ግን ከእኔ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማን እንዳለ ጠየቀኝ። ማንም የለም አልኩት። ዛሬ የተጋደመው መኪና አንቺ የተሳፈርሽበት ቢሆንስ ኖሮ አለኝ። ደመወዜን አልቆረጠም፣ ማስጠንቀቂያም አልጻፈም፤ በሚቀጥለው ወር እኔ በሌለሁበት ማሽኖቹን አጥፍቶ የሚያስነሣ ሰው እንዳሳየው ብቻ አዘዘኝ።

ያን ዕለት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ለጋሽ አንማውም ለአስካለም የየራሳቸውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ማስተማር ጀመርኩ፤ የሚገርማችሁ ግን እኔ ራሴ ያልገባኝን ያወቅኩት ሳስተምር ነው። ጋሽ አንማው በየእርምጃው “ይህ ካልሆነስ?” እያሉ ይጠይቁኛል። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። አንድ እሑድ ዶክተሩ ባለበት እኔ ደጅ ተቀምጬ እሳቸውና አስካለ አንደኛውን ማሽን ሆን ብለው አጠፉት፤ ሁለተኛው በራሱ ተነሣ። ጋሽ አንማው ወጥተው፣ ፊታቸው እንደ ልጅ በርቶ፣ “ተረከበ” አሉኝ። እነዚያን ማሽኖች ካስገባኋቸው ጀምሮ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ ሞክሬያቸው አላውቅም ነበር። ጋሽ አንማው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ከእኔ ባልተናነሰ ያውቁት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሥራችሁ ሰርቨር ላይሆን ይችላል። ግን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንደኔ ዓይነት ሰው አለ። ማኅተሙ ያለው እሱ ጋ ነው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት፤ እሱ ካልመጣ ሥራ አይሠራም። ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ እንዴት ደስ እንደሚል አውቀዋለሁ። እኔም ያን ስሜት በጣም እወደው ነበር። አማኑኤል ሆኜ ስልክ ሲደወልልኝ፣ ቤተሰቤ ሁሉ እየሰማኝ ትእዛዝ ስሰጥ፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ኩራት ዋጋ የምትከፍልልኝ ግን ስሜን የማታውቅ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ልትሆን ነበር። አጠገባችሁ እየመጡ የሚጠይቋችሁን ሰዎች አትሸሿቸው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ካለ ወንበር ስጡት።

ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም አገባሁ፤ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። አማኑኤል እናቴ ቤት ነበር የታረስኩት። ሦስት ወር ሙሉ ስልኬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ስለ ሥራ አንድም ሰው አልደወለልኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ትንሽ ከፋኝ፤ የረሱኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጋሽ አንማውና አስካለ ሊጠይቁኝ መጡ። እሳቸው ሕፃኑን አቅፈው ሲያጫውቱ አስካለን ማሽኖቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳት።

“ደህና ናቸው” አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ “አንደኛው ግን ያለፈው ሳምንት በሽተኛ በሞላበት በጠዋቱ ሰዓት ተቃጥሏል” አለች።

ከአልጋዬ ቀና አልኩ። ሰው ተጎዳ ወይ፣ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን አልነገራችሁኝም አልኳት በአንድ ትንፋሽ።

“ምን ብለን እንንገርሽ? ሁለተኛው ተነሣ” አለችኝ። “ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ስክሪኑን ስላየሁት ነው። ሌሎቹ ነርሶች እስካሁን አላወቁም።”

ጋሽ አንማው ከሕፃኑ ላይ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ተመልሼ ጋደም አልኩና፣ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስልኬን ከትራሴ ሥር አውጥቼ አጠፋሁት።